ውሃ የሚችል ካሜራ በአቅም መግዛት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ክረምት ሲገባ፣ ጥምቀት ሲቃረብ፣ ወይም ሰው ለጉዞ ሻንጣውን ሲሸክፍ ይህ ጥያቄ ይበዛል፦ ውሃ የማይገባው፣ ኪስ የማይጎዳ ካሜራ የቱ ነው? የአንድ ሞዴል ስም ጠርቼ ልገላገል እችል ነበር። ግን ለአንዱ የሚሆነው ለሌላው ትርፍ ወጪ ነው። ካሜራው ምን ዓይነት ውሃ እንደሚያገኘው አስቀድሞ ያወቀ ሰው ግማሹን ገንዘብ ያተርፋል። ከታች ያሉት መልሶች በዚህ ላይ የቆሙ ናቸው።

ከየት ልጀምር?

መጀመሪያ ውሃውን ለዩ። የምትፈሩት ዝናብና ጭቃ ነው? ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ፊት ቆማችሁ ፊታችሁን የሚያረጥበው ፍንጣቂ ነው? ጎንደር ፋሲለደስ መዋኛ ላይ በጥምቀት ጠዋት ሕዝቡ ላይ የሚረጨው ውሃ ነው? ይዛችሁት ልትዋኙ ነው? ወይስ ጅዳ ወይም ኤላት ሆናችሁ ቀይ ባህር ውስጥ ልትጠልቁ?

ብዙ ሰው "ውሃ ውስጥ የሚሠራ" ብሎ ይጠይቅና ጠጋ ብለው ሲያነጋግሩት የሚሄደው ሰሜን ተራሮች በእግር ነው። ለእሱ 10 ሜትር ጥልቀት የሚችል ካሜራ ይተርፈዋል። ለ30 ሜትር የሚጨምረውን ገንዘብ ለተጨማሪ ባትሪና ለጥሩ ሜሞሪ ቢያውለው ይሻላል።

ሐይቆቻችንም ቢሆኑ ለጥልቅ ፎቶ አይመቹም። የላንጋኖ ውሃ ቡናማ ነው። እዚያ ውስጥ ጠልቆ የሚነሳ ፎቶ ቡናማ ከመሆን አያልፍም። ጣናም በክረምት ደለሉ ይበዛል። እነዚህ ቦታዎች ላይ ካሜራ የሚያስፈልጋችሁ ከውሃው በላይ ነው፤ ጀልባ ላይ፣ ዳር ላይ፣ ልጆች ሲንቦራጨቁ። ጥርት ያለ ውሃ የምታገኙት መዋኛ ገንዳ ወይም ቀይ ባህር ነው።

ስልኬ ውሃ ይችላል ተብሏል። ካሜራ ለምን ያስፈልገኛል?

ስልካችሁ በእውነት የሚችል ከሆነ፣ ተከፍቶ የማያውቅ ከሆነ፣ ከዝናብ የባሰም የማያገኘው ከሆነ ላያስፈልጋችሁ ይችላል። አይፎን ከ7 ጀምሮ፣ የሳምሰንግ ኤስ ተርታም ከኤስ7 ጀምሮ ውሃ እንዲቋቋሙ ተደርገው ነው የተሠሩት። ሁለቱም የወጡት በ2016 ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ከመካከለኛዎቹም እንደ ሳምሰንግ ኤ54 ያሉት አይፒ67 የተባለው የውሃና የአቧራ መከላከያ ደረጃ አላቸው።

ጣጣው ያለው ጥገናው ላይ ነው። ስክሪን የተቀየረለት ወይም ባትሪ የተቀየረለት ስልክ፣ ዙሪያውን ያሸገው ማጣበቂያ አንዴ ተነስቷል። ጠጋኙ በደንብ መልሶ ካላሸገው ስልኩ ከዚያ በኋላ ውሃ አይችልም፤ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ምንም ይበል ምን። እኛ ሀገር ደግሞ አንዴም ያልተከፈተ ስልክ ማግኘት ቀላል አይደለም።

ሌላም አለ። እርጥብ ስክሪን ጣት አይሰማም። አምራቾችም ውሃ ለገባበት ስልክ በአብዛኛው ዋስትና አይሰጡም። ከሁሉ በላይ ስልካችሁ ውስጥ ባንካችሁ፣ ቴሌብራችሁ፣ የዘመድ አዝማዱ ቁጥር ሁሉ አለ። ያንን ሁሉ ይዞ ሐይቅ ውስጥ መግባት ለአንድ ፎቶ አይገባም። ካሜራ ቢጠፋ የሚጠፋው ካሜራ ነው።

አንገት ላይ የሚንጠለጠለው የፕላስቲክ ኪስስ? ለአንድ ቀን ጉዞ ይሠራል፣ ዋጋውም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ስልኩን ከመክተታችሁ በፊት ግን ደረቅ ሶፍት ብቻ ከታችሁ ዝጉትና ባልዲ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ድፈቁት። ሶፍቱ ደርቆ ከወጣ ታምኖ ይያዛል።

አይፒ67፣ አይፒ68፣ "15 ሜትር" ሲባል ምን ማለት ነው?

አይፒ ከሚለው ቀጥሎ ሁለት ቁጥር ይመጣል። የመጀመሪያው ስለ አቧራ ነው፤ ከፍተኛው 6 ነው፣ አቧራ ጨርሶ አያስገባም ማለት ነው። ሁለተኛው ስለ ውሃ ነው። 4 ከየትም አቅጣጫ የሚረጭ ፍንጣቂን ይችላል። 7 ማለት 1 ሜትር ውሃ ውስጥ 30 ደቂቃ ይቆያል። 8 ከዚያ ያልፋል፤ ምን ያህል እንደሚያልፍ የሚናገረው ግን ራሱ አምራቹ ነው። ስለዚህ አይፒ68 የሚለውን ብቻ አይቶ መግዛት አይበቃም። ስንት ሜትር? ለስንት ደቂቃ? እሱ የተጻፈበትን መስመር ፈልጋችሁ አንብቡ። በአቧራው ቁጥር ቦታ ኤክስ ካያችሁ፣ ለምሳሌ አይፒኤክስ8፣ ለአቧራ ደረጃ አልተሰጠውም።

የአቧራውን ቁጥር አትናቁት። አፋር ወይም ሶማሌ ክልል ለሥራ የሚወጣ ሰው ካሜራ ከዝናብ ይልቅ በአቧራ ነው የሚበላሸው። መደበኛው ካሜራ ሌንሱ ወደ ፊት ሲወጣና ሲገባ አሸዋ ይዞ ይገባል። ውሃ የሚችሉት ካሜራዎች ሌንሳቸው ከመስታወት ጀርባ ውስጥ ለውስጥ ነው የሚንቀሳቀሰው፤ ወደ ውጭ አይወጣም። ይህ ብቻውን ለአቧራ ሀገር ትልቅ ነገር ነው።

የሜትሩ ቁጥር የተለካው ዝም ባለ፣ ጨው በሌለው ውሃ ነው። ካሜራውን ይዞ ከከፍታ ዘሎ መግባት፣ ወይም በኃይል የሚወርድ የቧንቧ ውሃ ስር ማድረግ፣ ጥልቀቱ ትንሽ ቢሆንም ግፊቱ ብዙ ነው። ለዚህ ነው መዋኘት ለሚፈልግ ሰው ቢያንስ 10 ሜትር የሚችል የምመክረው፤ ጠልቆ ባይጠልቅም።

በእኔ በጀት የቱን ልግዛ?

በብር ብጽፍላችሁ ነገ ይለወጣል። በዶላር እንነጋገር። እሱም ቢሆን እንደ ሱቁና እንደ ሀገሩ ከፍ ዝቅ ይላል።

በ200 ዶላር አካባቢ ከታወቀ ስም የሚገኘው ኮዳክ ፒክስፕሮ ደብሊውፒዜድ2 ነው። 15 ሜትር ይችላል። ከ2 ሜትር ቢወድቅ እንዲተርፍ ሆኖ ተሠርቷል። 16 ሜጋፒክስል ነው፣ 4 እጥፍ ዙም አለው። ፀሐይ ባለበት ምስሉ ደህና ነው። ሲመሽና ቤት ውስጥ ይደክማል፤ ቁልፎቹም ቀለል ያሉ ናቸው። ለቤተሰብ ሽርሽር፣ ለልጆች፣ ለመስክ ሥራ ማስረጃ ፎቶ ከበቂ በላይ ነው። እጃችሁ ላይ ያለው 200 ዶላር ብቻ ከሆነ አታመንቱ።

ከፍ ሲል ሪኮ ደብሊውጂ-80 እና ወንድሙ ፔንታክስ ደብሊውጂ-90 አሉ። 14 ሜትር ይችላሉ። ሌንሱን የከበቡ 6 ትናንሽ መብራቶች አሏቸው፤ ቅጠል፣ ነፍሳት፣ የቡና ፍሬ ላይ ያለ በሽታ በቅርበት ለማንሳት እጅግ ይመቻሉ። የግብርና ባለሙያ ከሆናችሁ ይህን አስቡበት።

ከሁሉ የምወደው የኦሊምፐስ ቲጂ ተርታ ነው። ቲጂ-6 በ2019 ወጣ፣ ቲጂ-7 በ2023። ቲጂ-7 ላይ የምታዩት ስም ኦኤም ሲስተም ነው፤ ኦሊምፐስ የካሜራ ሥራውን በ2021 ለሌላ ኩባንያ ስላስተላለፈ ነው እንጂ የቤቱ ልጅ ነው። ሁለቱም 15 ሜትር፣ ከ2.1 ሜትር መውደቅ፣ የ100 ኪሎ ጭነት፣ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ይችላሉ። ሜጋፒክስላቸው 12 ብቻ ነው። ሆኖም ከ16 እና ከ20 ሜጋፒክስሎቹ የተሻለ ፎቶ ያነሳሉ፤ ሌንሳቸው ብዙ ብርሃን ያስገባል። ደመናማ ቀን፣ ጫካ ውስጥ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ማለዳ ልዩነቱ በዓይን ይታያል። ከሌንሱ 1 ሳንቲ ሜትር ላይ ያለ ነገርም ያነሳሉ። ጂፒኤስ ስላላቸው ፎቶው የት እንደተነሳ ይመዘግባሉ፤ የዳሰሳ ጥናት ለሚሠራ ሰው ግማሽ ሥራ ነው።

ቲጂ-7 ሲወጣ 550 ዶላር ገደማ ነበር። "በአቅም" ለሚል ሰው ውድ ነው። ስለዚህ የእኔ ምክር ይህ ነው፦ አዲስ ከሆነ ኮዳኩን፣ ያገለገለ ለመግዛት ከደፈራችሁ ደህና የተያዘ ቲጂ-6 ወይም ቲጂ-5። መሃል ላይ ያሉትን የቅርብ ፎቶ ካልፈለጋችሁ ዝለሏቸው።

ከገበያ የወጡ ግን ያገለገሉ የሚገኙም አሉ። ፉጂፊልም ኤክስፒ140 እስከ 25 ሜትር፣ ኒኮን ኩልፒክስ ደብሊው300 እስከ 30 ሜትር፣ ፓናሶኒክ ሉሚክስ ኤፍቲ7 እስከ 31 ሜትር ይችላሉ። ጥሩ ካሜራዎች ናቸው። ከመግዛታችሁ በፊት ባትሪያቸው አሁንም በገበያ ላይ መኖሩን አጣሩ።

ኢንተርኔት ላይ 48 እና 56 ሜጋፒክስል የሚሉ በ60 ዶላር አየሁ። እንዴት ነው?

ተዉት። ስም የለሾቹ ላይ የሚጻፈው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ከሴንሰሩ፣ ማለትም ብርሃኑን ከሚቀበለው የካሜራው ክፍል፣ የመጣ አይደለም። ካሜራው ትንሽ ፎቶ ያነሳና በሶፍትዌር ይለጥጠዋል። ፋይሉ ይገዝፋል፣ ዝርዝሩ ግን የለም። ፎቶውን አቅርባችሁ የሰው ፊት ላይ ብታዩት ቅንድብና ፀጉር እንደተቀባ ቀለም ተደባልቆ ታገኙታላችሁ። "16 እጥፍ ዙም" የሚሉትም እንዲሁ ዲጂታል ነው። የመሃሉን ቆርጦ ማሳደግ ነው፤ እሱን ቤታችሁ ስልካችሁ ላይ ልትሠሩት ትችላላችሁ። መታየት ያለበት ኦፕቲካል ዙም፣ ማለትም ሌንሱ ራሱ የሚያቀርበው፣ የሚለው ቁጥር ነው።

በዚህ ገንዘብ ካሜራ የግድ ካስፈለጋችሁ ከስም የለሽ አዲስ ይልቅ የታወቀ አሮጌ ይሻላል።

ጎፕሮ አይሻለኝም?

የምትፈልጉት ቪዲዮ ከሆነ አዎ። ጎፕሮ የሚባሉት ትናንሽ የቪዲዮ ካሜራዎች ከሂሮ5 ብላክ ጀምሮ፣ ማለትም ከ2016 ወዲህ፣ ዋና ዋናዎቹ ያለ ተጨማሪ ሽፋን 10 ሜትር ይችላሉ። ከዚያ በፊት የነበሩት አብዛኞቹ ሽፋን ካልለበሱ ውሃ አይነኩም፤ ያገለገለ ሂሮ4 የሚሸጥላችሁ ሰው "ውሃ ይችላል" ካለ ሽፋኑ አብሮ መኖሩን ጠይቁ። የዲጄአይ ኦስሞ አክሽን 4 ደግሞ 18 ሜትር ይችላል።

ለፎቶ ግን አልመክራችሁም። ሌንሱ በጣም ሰፊ ነው። ተራራው ጉብታ ይመስላል፣ ቅርብ ያለ ሰው ፊቱ ይጣመማል። ኦፕቲካል ዙም የለውም፣ ፍላሽ የለውም። ለብስክሌት፣ ለጀልባ፣ ለሩጫ፣ ደረት ላይ አስሮ ለመውጣት የሚስተካከለው የለም። ለቤተሰብ አልበም የሚሆን ፎቶ ለማንሳት ግን ትንሽ ፍላሽና ዙም ያለው ካሜራ ይበልጣል።

ጭላዳና ዋልያ ለማንሳት ይሆናል?

ለጭላዳ ይሆናል። ሰሜን ተራሮች ላይ ጭላዳዎች ሰው ለምደዋል፤ ሣር እየነጩ ከአጠገባችሁ ይቀመጣሉ። 4 እጥፍ ዙም ይበቃል። ለዋልያ አይሆንም። ዋልያ ገደል ላይ ነው የሚታየው፣ ከሩቅ። በዚህ ዙም ፎቶው ላይ ነጥብ ነው የሚሆነው። ወፎችም እንደዚያው ናቸው።

የዱር እንስሳ ዋና ፍላጎታችሁ ከሆነ ውሃ የሚችለውን ትታችሁ ረጅም ዙም ያለው ተራ ካሜራ ግዙ፤ ለዝናቡ የካሜራ ዝናብ ልብስ ወይም ጥሩ ወፍራም ፌስታል ያዙለት። ሁለቱንም በአንድ ካሜራ በርካሽ ማግኘት አይቻልም። "ዝናብ ይችላል" የሚባሉት ትልልቅ ሌንስ ተቀያሪ ካሜራዎችም ካፊያና አቧራ ነው የሚችሉት፤ ውሃ ውስጥ አይገቡም። ሌንሱም አብሮ የሚችል መሆን አለበት።

ያገለገለ ስገዛ ምን ልይ?

የባትሪውን ክዳን ክፈቱ። መጀመሪያ የምታዩት እሱን ነው፤ ፎቶውን አይደለም።

በክዳኑ ዙሪያ ቀጭን ጎሚኒ አለ። ውሃውን የሚከለክለው እሱ ብቻ ነው። በጣታችሁ ጫፍ ቀስ ብላችሁ ዳስሱት። ለስላሳና ወጥ መሆን አለበት። ስንጥቅ፣ የተጨፈለቀ ቦታ፣ የደረቀ ጠርዝ ካለ ውሃ አይችልም ብላችሁ ቁጠሩት። ጎሚኒው የሚያርፍበትን ጠርዝም እዩት፤ ጭረት ካለው አዲስ ጎሚኒ ቢገባም ያስገባል። ቀጥሎ የባትሪውን ቤት በስልክ መብራት እዩ። ብረቶቹ ላይ አረንጓዴ ወይም ነጭ ዱቄት ካለ ውሃ ገብቶ ያውቃል ማለት ነው። ከውጭ ያሉትን ብሎኖችም አትለፉ። ዝገት ወይም የተላጠ ራስ ካላቸው፣ አንድም ከባህር በኋላ አልታጠበም፣ አንድም ተከፍቷል። የተከፈተ ካሜራ ልክ እንደተከፈተው ስልክ ነው።

ሻጩ ከፈቀደ የሶፍቱን ሙከራ አድርጉ። ባትሪና ሜሞሪ አውጡ፣ ቤቱ ውስጥ ደረቅ ሶፍት አድርጉ፣ ክዳኑን ቆልፉ፣ ሳፋ ውስጥ 10 ደቂቃ ድፈቁት። መጀመሪያ ስታስገቡት ጥቂት አረፋ ቢወጣ ምንም አይደለም፤ ከየቀዳዳው የሚወጣ አየር ነው። ከአንድ ቦታ ሳያቋርጥ ተከታትሎ የሚወጣ ደቃቅ አረፋ ግን ማስገቢያው እሱ ነው፤ ወዲያው አውጡት። ከዚያ ከውጭ በደንብ አድርቁትና ክፈቱ። ሶፍቱ ላይ አንዲት ጠብታ ካለች፣ "ለዝናብ ብቻ" ብላችሁ ዋጋውን አስቀንሱ ወይም ተዉት።

ሻጩ ካልፈቀደስ? እንግዲያው ውሃ እንደማይችል ካሜራ ነው መደራደር። ውሃ ይችላል እያለ ውሃ ማስነካት የሚፈራ ሰው መልሱን ሰጥቷችኋል።

ከውሃ ሲወጣ ምን ላድርግ?

ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው፤ ካሜራዎቹ የሚሞቱት ግን እዚህ ጋ ነው።

ቸኩላችሁ ክዳኑን አትክፈቱት። መጀመሪያ እንደተዘጋ ንጹህ ውሃ ያለበት ሳህን ወይም ሳፋ ውስጥ አስቀምጡት። ባህር ወይም መዋኛ ገንዳ ከነበራችሁ 10 ደቂቃ ያህል ይቆይ፤ ቁልፎቹን ውሃው ውስጥ እንዳለ ጫን ጫን አድርጉ፣ ከሥራቸው ያለው ጨውና አሸዋ ይውጣ። ሳሙና አያስፈልግም፤ ጎሚኒውን ይጎዳል። ከዚያ በለስላሳ ጨርቅ አድርቁትና ጥላ ውስጥ ተዉት። ፀሐይ ላይ አታስጡት።

ክዳኑን የምትከፍቱት ካሜራውም እጃችሁም ሲደርቅ ነው፤ ነፋስና አሸዋ በሌለበት ቦታ። ከፍታችሁ ጎሚኒውን እዩ። አንዲት ፀጉር፣ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት፣ የጨርቅ ክር በቂ ነው። እሷ ባለችበት ክዳኑ ተዘግቷል ይመስላል፣ ቁልፉም ቀጭ ይላል፤ ውሃው ግን በእሷ ጎን ይገባል። ደረቅና ክር በማይተው ጨርቅ ጠርጉት። ቅቤም ዘይትም አትቀቡት፤ መመሪያው ካላዘዘ ቅባት ለጎሚኒ መድኃኒት አይደለም። የፀሐይ መከላከያ ቅባት በነካው እጅም አትክፈቱ።

አምራቾች ጎሚኒው በዓመት አንዴ እንዲቀየር ይመክራሉ። እኛ ዘንድ ይህን የሚሠራ ማግኘት ከባድ ነው። ስለዚህ የኔ ደንብ እንዲህ ነው፦ ካሜራው ጥቂት ዓመት ካለፈውና ጎሚኒው ካልተቀየረ ዋና ላይ አይወርድም። ዝናብና አቧራ ላይ ግን ገና ብዙ ያገለግላል። ክፉኛ የወደቀ ካሜራም እንደዚሁ ነው፤ መልኩ ባይጎዳም ማሸጊያው ተጎድቶ ሊሆን ይችላል።

ሶደሬ፣ ወንዶ ገነት፣ ሙት ባህር፣ ዳሎልስ?

ፍል ውሃ ውስጥ አታስገቡት። የካሜራዎቹ መመሪያ በአብዛኛው ከ40 ዲግሪ በላይ የሞቀ ውሃ አይፈቅድም። ሙቀቱ ጎሚኒውን ያለሰልሰዋል፣ ውስጥ ያለውን አየር ያሳብጠዋል። ሶደሬ ቀዝቀዝ ያለው ገንዳ ውስጥ ችግር የለም። ወንዶ ገነት ምንጩ ጋ፣ ዳር ቆማችሁ አንሱ።

እስራኤል ያላችሁ ደግሞ ሙት ባህር ላይ ተጠንቀቁ። ከተራ የባህር ውሃ 10 እጥፍ ገደማ ጨው አለው። ተንሳፍፎ መነሳት ያምራል፤ ካሜራው ያለው ሰው ግን ዳር ይቁም። ኤላት ላይ ያለምንም ስጋት ግቡበት፤ ስትወጡ ብቻ እጠቡት።

ዳሎል የባሰ ነው። ያ ቢጫና አረንጓዴ ውሃ አሲድ ነው፤ ካሜራ ቀርቶ ጫማም አይነካው። ሙቀቱም አለ። አብዛኞቹ ካሜራዎች እስከ 40 ዲግሪ አየር ነው የሚፈቀድላቸው፤ ደናኪል ይህን ያልፈዋል። አንሱ፣ አጥፉ፣ ጥላ ውስጥ ክተቱ። የባህረ ሰላጤው ሀገር ነዋሪዎችም በበጋ ካሜራ መኪና ውስጥ አትተዉ።

ሌንሱ ከውስጥ ጉም ያዘ። ውሃ ገብቷል?

ብዙ ጊዜ አይደለም። ክዳኑን እርጥብ አየር ባለበት ከፍታችሁ ስትዘጉት ያ እርጥበት ውስጥ ይቀራል። ካሜራው ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካ መስታወቱ ላይ ጤዛ ይሆናል። መፍትሔው ክዳኑን ደረቅና ቀዝቀዝ ባለ ክፍል ውስጥ መክፈትና መዝጋት ነው። ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘዋን እርጥበት የምትመጥ ትንሽ ከረጢት አትጣሉ፤ ካሜራው ከሚቀመጥበት ቦርሳ ውስጥ ክተቷት።

ሰሜን ተራሮች ላይ ሌሊቱ ይበርዳል። ጠዋት ከብርዱ ወደ ሞቀ መኪና ስትገቡ ካሜራውን ፌስታል ውስጥ ቋጥራችሁ ግቡ። ጤዛው ፌስታሉ ላይ ይቀራል። ባትሪውን ሌሊት ከጃኬታችሁ ውስጠኛ ኪስ አድርጉት፤ በብርድ ቶሎ ይደክማል።

ከአዲስ አበባ ወደ ባህር ለሚወርዱ አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባህር ጠለል ሩብ ያህል ያንሳል። አዲስ አበባ የተዘጋ ካሜራ ባህር ዳርቻ ሲደርስ ገና ውሃ ሳይነካው ክዳኑ ተጭኖ ለመክፈት ሊያስቸግር ይችላል። ሆቴል ክፍል ውስጥ አንዴ ከፍታችሁ ዝጉትና ውጡ።

የውሃ ውስጥ ፎቶዬ ሰማያዊ ሆነ፣ በነጭ ነጠብጣብም ተሞላ። ካሜራው ተበላሽቶ ነው?

ካሜራው ደህና ነው። ውሃ መጀመሪያ የሚውጠው ቀዩን ቀለም ነው፤ ጥቂት ሜትር ወረድ ስትሉ የቀረው ሰማያዊና አረንጓዴ ነው። ካሜራው ላይ የዓሣ ምልክት ያለበት የውሃ ውስጥ ምርጫ አለ፤ እሱን አብሩ። ጠብታ የመሰለው ነጩ ደግሞ ውሃው ላይ የሚንሳፈፍ ደለል ፍላሹን አንጸባርቆ ነው። ፍላሹን አጥፉ። ከሁሉ በላይ ቅረቡ። በእናንተና በምታነሱት ነገር መካከል ያለው ውሃ ባነሰ ቁጥር ፎቶው ይጠራል።

ከውሃ ውጭ ደግሞ ሁለት ነገር ፎቶ ያበላሻል። አንዱ መስታወቱ ላይ የቀረች ጠብታ ናት፤ ከማንሳታችሁ በፊት እፍ በሉባት ወይም ጥረጓት። ሌላው የራሳችሁ ጣት ነው። የእነዚህ ካሜራዎች ሌንስ ጥግ ላይ ስለሆነ ግራ እጅ ሳታስቡት ይገባበታል።

ውሃ ገባበት። አሁንስ?

ወዲያው አጥፉት። "ይሠራ ይሆን?" ብላችሁ አታብሩት፣ ቻርጀርም አትሰኩበት። ባትሪና ሜሞሪ አውጡ፣ ክዳኑን ክፍት አድርጋችሁ ነፋሻ ጥላ ላይ ለቀናት ተዉት። የፀጉር ማድረቂያ ሙቀቱ ጎሚኒውንና ማጣበቂያውን ይጎዳል። ሩዝ ውስጥ መቅበርም አይጠቅምም፤ ዱቄቱ ይገባበታል። የገባው የባህር ውሃ ከሆነ ተስፋው ትንሽ ነው፣ ሜሞሪውን ግን አትጣሉ። በንጹህ ውሃ አለቅልቃችሁ በደንብ ካደረቃችሁት ፎቶዎቹ ብዙ ጊዜ ይተርፋሉ።

ሰው ከውጭ እየመጣ ነው። ከካሜራው ጋር ምን ልዘዝ?

ሁለት ተጨማሪ ባትሪ፣ አንዱ ኦርጅናል ቢሆን ይመረጣል። 32 ወይም 64 ጂቢ ሜሞሪ ከታመነ ሱቅ፤ ፎርጅድ ሜሞሪ 64 ብሎ 8 የሚይዝ ብዙ ነው። ከኤስዲና ከማይክሮ ኤስዲ የትኛውን እንደሚወስድ አስቀድማችሁ አጣሩ። ካሜራው በፓወር ባንክ የሚሞላ መሆኑንም ጠይቁ፤ ለመስክና መብራት ለሚጠፋበት ቀን ያስፈልጋል።

የሚንሳፈፍ ማሰሪያ አትርሱ። ቲጂ-6 ለምሳሌ 250 ግራም ገደማ ነው፣ ከእጅ ካመለጠ ይሰምጣል፤ ላንጋኖ ውስጥ ደግሞ የወደቀ ነገር ጎንበስ ብሎ አይታይም። ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ቢጫውን እዘዙ። ያመጣላችሁን ሰውም ደረሰኙን እንዳይጥል ንገሩት፤ ካሜራው በመጀመሪያው ሳምንት የሶፍቱን ሙከራ ካላለፈ የሚመለሰው በእሱ ነው።